ሥራና ልጅ ይዛችሁ ክራር መልመድ ለምትፈልጉ፣ እኔ እንዴት እንዳደረግኩት

ይሄን የምፅፈው ቤት፣ ሥራና ልጅ ይዛችሁ "እስኪ ለራሴ አንድ ነገር ልልመድ" እያላችሁ መስከረም በመጣ ቁጥር ለሚቀጥለው መስከረም ለምታሳድሩት ሰዎች ነው። እኔ ደሴ ነው የምኖረው፣ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ፣ ባለቤቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ አማቴም ከኛው ጋ ናቸው። ክራር የጀመርኩት ትልቋ ልጄ አራተኛ ክፍል እያለች ነው፣ ከዛ በፊት የሙዚቃ መሳሪያ በእጄ ይዤ አላውቅም፣ ቤተሰባችን ውስጥም የሚጫወት የለም። አሁን ቅኝቶቹን ራሴ እቃኛለሁ፣ ሰው ሲያንጎራጉር ተከትዬ እሄዳለሁ፣ ቡና ላይ ቤቱን ሞቅ አደርጋለሁ፣ በቃ እዚህ ድረስ ነው። መድረክ ምናምን አላስብም። ግን እዚህ ሳይደርሱም የሚያቆሙ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ የሚያቆሙበት ምክንያት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይነት ነው፣ እሱን ነው ማውራት የፈለግኩት።

ሁሉም ሰው ጊዜ የለኝም ነው የሚለው፣ እውነት ነው የለንም። እኔ ያየሁት ግን ክራሩ የት ተቀመጠ የሚለው ነገር ከጊዜውም ይብሳል። ክራር ገዝተው በጨርቅ ጠቅልለው ቁምሳጥን አናት ላይ ያስቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ፣ አቧራ ጠጥቶ ቁጭ ብሏል። እሱን ለማውረድ ወንበር ያስፈልጋል፣ ወንበሩን ለማምጣት ልጅ የተኛበት ክፍል መግባት አለ፣ ከወረደ ደግሞ ክሩ ላልቷል መቃኘት አለበት፣ ይሄን ሁሉ ሲያስቡት "ነገ" ይሉና ያልፉታል። የኔ ሳሎን ውስጥ ረከቦቱ ካለበት ጥግ፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ዱካዬ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ስዘረጋ የምደርስበት ቦታ። ቡናው ተቆልቶ ተወቅጦ ጀበናው ከሰል ላይ ከተጣደ በኋላ አቦሉ እስኪፈላ ያለችው ጊዜ የማንም አይደለችም፣ ድሮ ስልክ ነበር የምነካካባት፣ አሁን እጄ ወደ ክራሩ ይሄዳል። ከአቦል እስከ ቶና ደግሞ ሌላ ትንሽ አለች፣ ከቶና እስከ በረካም አለች። እንደዛ እየተቆራረጠ ነው የለመድኩት እንጂ አንድ ሰአት ሙሉ በር ዘግቼ የተለማመድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የሚያሳየኝ ልጅ አለ፣ ሰፈራችን ያለ ነው፣ ሰርግ ላይ ይጫወታል። መጀመሪያ ላይ "ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተለማመጂ፣ ያኔ ፀጥ ይላል" ብሎኝ ነበር። በዚህ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። እናት ልጆቿ ከተኙ በኋላ የምትፈልገው መተኛት ነው ባካችሁ። ደግሞ ተደብቆ የሚለመድን ነገር ቤተሰብ አይወደውም፣ "ማታ ማታ ምን ጀመረች ደሞ" ይመጣል። መሀላቸው ቁጭ ብሎ እየተንተባተቡ መለማመድ ይሻላል፣ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዛ ይለምዱታል፣ ከዛ የተሳሳታችሁትን ራሳቸው መናገር ይጀምራሉ። ትንሹ ልጄ አንዱ ክር ሲላላ ከኔ ቀድሞ ነው የሚሰማው፣ "እማ ያቺኛዋ እያለቀሰች ነው" ይለኛል፣ ስነካው እውነቱን ነው።

ስለ መግዛት ብዙ አልልም። ገበቴው፣ ማለት ቆዳው የሚወጠርበት ሆዱ፣ ከእንጨት የተቦረቦረ አለ፣ የብረት ሳህን ላይ ቆዳ የተወጠረበትም አለ፣ ለቤት ሁለቱም ይሆናሉ፣ እኔ ሳህኑን ነው የያዝኩት፣ ድምፁ ትንሽ ሹል ይላል ግን ልጅ ቢጥለው አይሰነጠቅም። ስትገዙ ሁለቱን ቋሚዎች ያዙና ከላይ ያለውን ቀንበር ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፣ ከተወላገደ ተዉት፣ ቅኝት አይዝላችሁም። ቆዳውን በጣት መታ መታ አድርጉት፣ ደንደን ያለ ድምፅ ካልሰጠ ላልቷል ማለት ነው። ዛጎሉ፣ ስዕሉ፣ ጥልፉ ዋጋ ይጨምራል እንጂ ድምፅ አይጨምርም። ኤሌክትሪክ ላይ የሚሰካውንም ለጀማሪ አልመክርም፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ዝም ይላል፣ እኛ ደግሞ በጣም የምንጫወተው መብራት ሲጠፋ ነው።

መቃኛው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። አንዳንዱ ክራር የጊታር አይነት የሚጠመዘዝ ብረት መቃኛ አለው፣ ቀላል ነው። የኔ ግን የድሮው አይነት ነው፣ ክሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ቁራጭ ላይ ይጠመጠምና ያንን ጥምጥም በእጅ እያዞሩ ማጥበቅ ማላላት ነው። ስገዛው የነበረው ጨርቅ በጣም ያንሸራትት ነበር፣ ቃኝቼ ገና ሁለት ጊዜ ሳልነካው ተመልሶ ይወርዳል። ይሄ ደግሞ የኔ ሙያ ነው አደል፣ ሱቅ ሄጄ ከጣቃ ጫፍ የተረፈ አቡጀዴ አመጣሁና ጣት በማይሞላ ስፋት ቀድጄ በሱ ቀየርኩት። ፖሊስተርና ሳቲን አይሆንም፣ ናይለን ክር ላይ ያሟልጫል፣ ጥጥ የሆነ፣ ያልታጠበ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ጨርቅ ነው የሚይዘው። ጨርቁን ቀንበሩ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ከዛ ክሩን ከላዩ ላይ አንዱ ዙር ሌላውን እየረገጠ እንዲሄድ አዙሩት። ከዛ በኋላ ቅኝቱ ቁጭ አለልኝ።

ወደ ቅኝቱ ስንመጣ፣ ብዙ ጀማሪ የሚሸሸው እዚህ ጋ ነው፣ "አስተማሪው ይቃኝልኝ" ይልና እሱ በሌለበት ቀን ክራሩ አይነካም። መቃኘትን መጀመሪያ ተማሩ፣ ዜማው ይደርሳል። ክራር 5 ክር ያለውም አለ 6 ክር ያለውም አለ፣ ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ስለሆኑ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ትዝታ ሜጀር የምንለው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ትዝታ ማይነር ሲሆን ሚና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፣ ሌላው አይነካም፣ በቃ ሁለት ክር ነክታችሁ ቤቱ ሁሉ ሲያዝን ታያላችሁ። ባቲ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፣ ከትዝታ ሜጀር ተነስታችሁ ሬ የነበረውን ክር ወደ ሚ፣ ሚ የነበረውን ወደ ፋ፣ ላ የነበረውን ወደ ሲ ከፍ ታደርጋላችሁ። ባቲ ማይነር ከዚሁ ሚና ሲ ግማሽ ዝቅ ሲሉ ነው። አምባሰል ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ላ። አንቺሆዬ ከአምባሰሉ ላይ ሶልን ግማሽ ዝቅ፣ ላን ግማሽ ከፍ አድርጎ መመለስ ነው።

ይሄን አንብባችሁ ጭንቅላታችሁ ከዞረ አብሽሩ፣ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ዶና ሶል ከአንቺሆዬ በቀር በሁሉም ቅኝት ቦታቸውን አይለቁም። ስለዚ ሁልጊዜ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን አስተካክሉ፣ አንድ ላይ ስትነኳቸው ሳይጣሉ ረጋ ብለው መሰማት አለባቸው፣ ከዛ ሌሎቹን በነሱ መሀል አስገቡ። ለማጣራት ስልክ ላይ የሚጫን ቲዩነር አለ፣ በነፃ የሚገኘው ይበቃል፣ ግን ለጊታር ብቻ የተሰራውን ሳይሆን ክሮማቲክ የሚባለውን ነው መጫን ያለባችሁ፣ የጊታሩ ለጊታር ክሮች ብቻ ነው የሚመልሰው። አፑ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚያሳየው፣ ዶ ሲ ይሆናል፣ ሬ ዲ፣ ሚ ኢ፣ ፋ ኤፍ፣ ሶል ጂ፣ ላ ኤ፣ የኛ ሲ ደግሞ ቢ ነው። ይሄን ወረቀት ላይ ፅፋችሁ ክራሩ አጠገብ ለጥፉት፣ እኛ ቤት ትልቋ ልጄ በከለር እርሳስ ፅፋው ግድግዳው ላይ አለ። እየለመዳችሁ ስትሄዱ ግን ዶ የግድ አፑ ያለው ቦታ ላይ መሆን የለበትም፣ የሚዘፍነው ሰው ድምፅ ነው የሚወስነው። ለአማቴ በጣም ዝቅ አድርጌ ነው የምቃኘው፣ ለልጆቹ ከፍ አድርጌ።

ሌላው የደሴ ሰው በደንብ የሚያውቀው የአየሩ ነገር ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ክረምት ጦሳ ተራራ ቀኑን ሙሉ ጉም ውስጥ ነው፣ ቤት ውስጥ ያለው ጨው ሳይቀር ይረጥባል። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ቆዳው ሲላላ በርኩማው፣ ክሮቹ ቆዳው ላይ የሚያርፉበት እንጨት፣ ዝቅ ይላል፣ ክሩም አብሮ ይወርዳል። ስለዚ በሐምሌና ነሐሴ ክራራችሁ ሁሌ ቅኝቱን ቢያጣ ክራሩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትሰጉ። ከሰሉ አጠገብ ራቅ አድርጌ ጀርባውን ሰጥቼው ትንሽ አቆየውና ቆዳው ሲደርቅ እቃኘዋለሁ፣ እሳቱ ጋ ማስጠጋት ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ባለቤቴ አንዴ ክራሩን ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ይዞት ወርዶ ነበር፣ እዛ ከደሴ ዝቅ ያለ ነው ሞቃት ነው፣ ቆዳው ተወጥሮ ሁሉም ክር ከፍ ብሎ ጠበቀው፣ ደውሎ "ይሄ ነገር ተናዷል" አለኝ። ሩቅ ስትወስዱት ክሮቹን ላላ አድርጋችሁ ውሰዱት።

እጅን በተመለከተ ሁለት አይነት አጨዋወት አለ። ድርደራ የሚባለው ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ መንካት ነው፣ ለብቻ ቁጭ ብሎ ለማንጎራጎር ይሄ ሸጋ ነው። ግርፉ ደግሞ ቀኝ እጅ በመግረፊያ ሁሉንም ክር በአንዴ ይመታል፣ ግራ እጅ ከክሮቹ ጀርባ ሆኖ የማይፈለጉትን በጣት ጫፍ ይይዛቸዋል፣ የሚሰማው የለቀቃችሁት ክር ብቻ ነው። እኔ በድርደራ ጀምሬ ነው ወደ ግርፍ የገባሁት፣ ሌላ ሰው በተቃራኒው ይመክራል፣ ግን ልጆች ባሉበት ቤት ድርደራው ድምፁ ዝቅ ስለሚል ማንንም አያስመርርም። ጣት መጀመሪያ ያቆስላል፣ በርበሬ ስትነኩ በጣም ትሰሙታላችሁ፣ ስለዚ ወጥ ከሰራችሁ በኋላ እንጂ በፊት አትጫወቱ። የመጀመሪያው ልምምድ አሰልቺ ነው፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዛ አንድ እየዘለሉ፣ እያንዳንዱን ስሙን በአፍ እየጠሩ። እሱ እንደሰለቻችሁ ልጅ የምታስተኙበትን እሹሩሩ ክሩ ላይ ፈልጉት። አስተማሪ አያስፈልገውም፣ ጆሯችሁ ያውቀዋል፣ ጣታችሁ ብቻ ነው የማያውቀው፣ አንድ ማታ ሲሞክሩት ቆይተው ሲገኝ የሚሰጠው ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች የሚጠይቁኝ ስለ ቅኝት ሳይሆን ስለ ሰው ነው፣ "ቤተሰቦችሽ ምን አሉ" ነው የሚሉኝ። ክራሩን ይዤ የገባሁ ቀን አማቴ ጥጥ እየፈተሉ ነበር፣ ቀና ብለው አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ በዚህ እድሜሽ አዝማሪ ቤት ልትከፍቺብን ነው?" አሉ። አነጋገራቸው ቀልድ ይመስላል ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም፣ የኛ ሰው አዝማሪን ሰርጉ ላይ ይፈልገዋል፣ ልጁን ግን አይድርለትም፣ ይሄን የማታውቁት የላችሁም። አልተከራከርኩም። "እማዬ እኔ የምፈልገው የናንተን ሀገር ዜማ ነው፣ እርስዎ ካላሳዩኝ ማን ያሳየኛል" አልኳቸው። እሳቸው የአምባሰል ሰው ናቸው፣ ውጫሌ አካባቢ ነው የተወለዱት። ቅኝቱም ተራራውም አንድ ስም ነው፣ እሳቸው ግን ቅኝት ብሎ ነገር አያውቁም፣ ለሳቸው እንዲሁ የሀገራቸው ዜማ ነው። መልስ አልሰጡኝም፣ ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

ከዛ አምባሰልን መለማመድ ስጀምር ከወዲያኛው ክፍል "እሱ አይደለም!" የሚል ድምፅ መጣ። ቲዩነሩ ልክ ነው ይላል፣ እሳቸው አይደለም ይላሉ። "እንዴት ነው ታዲያ?" ስላቸው በአፍንጫቸው አንጎራጎሩት፣ እኔ ድምፁን በትክክል እየነካሁ ግን እየሮጥኩ ነበር፣ እሳቸው ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ሲደርሱ ይቆዩና ወደ ዶ ሲወርዱ እንደማቅማማት ይላሉ። ያንን ማቅማማት ዩቲዩብ ላይ ያየኋቸው የማስተማሪያ ቪዲዮዎች አንዳቸውም አልነገሩኝም። ስለዚ ምክሬ ይሄ ነው፣ ድምፆቹን ከስልክ ተማሩ፣ አካሄዱን ግን ቤታችሁ ካሉ ትልልቅ ሰዎች ተማሩ፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ ማንጎራጎር የማይችል ትልቅ ሰው ብትፈልጉም አታገኙም። አማቴ ዛሬም "አዝማሪዋ" ነው የሚሉኝ፣ ተውኩት።

ቤታችን ውስጥ የተፈጠረ አንድ ጨዋታ አለ፣ ልጆች ላላችሁ በጣም ይጠቅማል። "ስኒ ያነሳ ስንኝ ያዋጣ" እንለዋለን። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ነው የተጀመረው፣ ቡና ሲቀዳ ስኒውን የተቀበለ ሰው ሁለት መስመር ግጥም ይናገራል፣ እኔ ትዝታ ላይ እየደረደርኩ እጠብቀዋለሁ፣ ልጆቹ ቡና ስለማይጠጡ ለነሱ ሻይ ይቀዳል፣ ህጉ ግን ያው ነው። ግጥሙ ስለምንም ሊሆን ይችላል፣ ቤት ብቻ መምታት አለበት። ትልቋ ልጄ አንድ ክረምት ያለችው ይሄን ነው፣ ያን ቀን ልብስ አጥባ አልደርቅ ብሏት ተናዳ ነበር፦

ጦሳ ጉም ለበሰ ደሴም ጉም ለበሰች፣
አንሶላዬ ረጥቧል ፀሐይ የት ደረሰች።

አባትየው ሁልጊዜ ስለ መንገድ ነው የሚያወራው፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ ስለሚውል ሌላ አይመጣለትም፦

ሐረጎን ስወጣ ሞተሩ ሲያጣጥር፣
የቤቴ ቡና ነው የሚስበው በክር።

አማቴ ደግሞ "እኔ አልልም፣ ዝም ብዬ ልጠጣ" ሲሉ ቆዩና ስኒው ሊቀማባቸው ሲል አንዴ ሳያስቡት ለቀቁት፦

ልጄን ድሬው ነበር ለባለ ሱቂቱ፣
ክራር ይዛ መጣች ከነባቲ ቅኝቱ።

ባለቤቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቡናው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ይሄን የምነግራችሁ ግጥሞቹ የተለዩ ናቸው ብዬ አይደለም፣ የገጠር ሰው ከዚህ መቶ እጥፍ ይላል። ነገር ግን ይሄ ጨዋታ ከመጣ በኋላ "ተለማመጂ" የሚለኝ ልጆቼ ሆኑ፣ እኔ ባልጫወት ጨዋታው የለማ። ትንሹ ቤት መምታት ገና ስለማይሆንለት ባዶ ጀሪካን ይዞ ከበሮ ነው የሱ ድርሻ። ትልቋ ግጥሞቹን ደብተር ላይ መፃፍ ጀምራለች፣ ዳር ዳሩን ትስልበታለች፣ አማርኛ መምህሯም አይተውት ወደውታል። ልጆቻችሁ ቤት መምታት ካቃታቸው መጨረሻውን ስጧቸው፣ ለምሳሌ "ገባች" ብላችሁ "እስኪ በዚህ የሚያልቅ አምጡ" በሏቸው፣ ከፊት ከመጀመር ከኋላ መጀመር ለልጅ ይቀላል።

ተከራይታችሁ ግቢ ውስጥ ከሰው ጋ የምትኖሩ ከሆነ የጎረቤት ነገር አለ። እኛ ግቢ አራት ቤተሰብ ነን፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ ደሴ እንደምታውቁት ነው። ሳልጀምር ዞሬ ነገርኳቸው፣ "ይሄን ነገር ልለምድ ነው፣ ሲያስቸግራችሁ በሩን አንኳኩ" አልኩ። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን "አብሽሪ ልጄ፣ እኛም እንሰማለን" አሉኝ፣ እሳቸው ጋ ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ያለ ቀን ወይም አዛን ሲል ክራሩ ሚስማሩ ላይ ነው፣ ማንም ሳይነግረኝ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ቢያንስ ድንኳኑ እስኪነሳ አይነካም። ሁዳዴ ላይ ደግሞ እኛ ራሳችን አንጫወትም፣ የሁዳዴ መሳሪያ በገና ነው፣ ሁለት ወር ገደማ ይቆማል ማለት ነው። ያን ጊዜ "ጠፋብኝ" ብላችሁ አትጨነቁ፣ እኔ በዛ ሰአት ክሮቹን ላላ አድርጌ ቆዳውን በደረቅ ጨርቅ እወለውለውና እተወዋለሁ፣ የስንኙ ጨዋታ ያለ ክራር ይቀጥላል፣ ትልቋ ስዕሏን ትስላለች፣ እኔ ጥልፌን እይዛለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ስመለስ ጣቴ ለሁለት ሦስት ቀን ያመኛል እንጂ ዜማው የትም አይሄድም።

ክር ስለመበጠስ ልጨምርና ላብቃ። ይበጠሳል፣ በተለይ ልጆች ከነኩት። እኛ ቤት ህጉ የበጠሰ አይገረፍም፣ ግን የበጠሰ ይቀይራል። ድሮ ክሩ ከጅማት ወይም ከአንጀት ነበር የሚሰራው፣ አሁን ናይለን ነው፣ የአሳ ማጥመጃ ናይለን ይሆናል። የባለቤቴ ወንድም ሐይቅ ከተማ ነው ያለው፣ ደሴ ሲመጣ በተለያየ ውፍረት ጥቅልል ይዞልን ይመጣል። ወፍራሙን ለዶ፣ ቀጭኑን ለላይኞቹ፣ አንድ አይነት ውፍረት ለሁሉም ካደረጋችሁ ታችኛው ልል ላይኛው ለመበጠስ የደረሰ ይሆንባችኋል። አዲስ ክር ደግሞ ይሳባል፣ በገባበት ቀን ስንት ጊዜ ብትቃኙት ይወርዳል፣ ማታ ከሚፈለገው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቃኝታችሁ እደሩ፣ ጠዋት ልኩ ላይ ታገኙታላችሁ። መቀስ ከመጠቀማችሁ በፊት ከቀንበሩ በላይ አንድ ስንዝር ትርፍ ተዉ፣ ያቺ ትርፍ ሌላ ቀን ትፈለጋለች። ትልቋ ልጄ አሁን ክር መቀየርም መቃኘትም ከኔ ትፈጥናለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው ከሚስማሩ የምታነሳው፣ ቡና ላይ "ስጪኝ" "ቆይ" መባባል ጀምረናል። ለልጅ ከሆነ የምትገዙት ቋሚው አጠር ያለውን ያዙ፣ ትልቁ ታፋዋ ላይ ሲቀመጥ ግራ እጇ ክሮቹ ጋ አይደርስም።